ፈላስፎች «ጭራቅ» ያሉት ነገር አማርኛችን ውስጥ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

ኮፒ ቤቱ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ነኝ፣ ማራኪ ግቢ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማባዛት እንጂ ማንበብ አይደለም። ትናንት ግን አንድ ተማሪ ወፍራም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ትቶልኝ ሄደ። ግማሹ ላይ ስደርስ ማሽኑ ወረቀት አልስብ አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ የተጣበቀውን ስጎትት ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። እንግሊዝኛው መሃል በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ! «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬን ትቼ ገጾቹን ማገላበጥ ጀመርኩ፣ በየቦታው «ጭራቅ» የሚል ቃል አለ፣ ፍልስፍና የሚልም አለ፣ የቀረው አልገባኝም።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ጆን ጀግና ነኝ ቢል ምኑ ይገርማል? እኛ አገር ጀግና ነኝ የማይል ማን አለና! ጭራቁስ ከየት መጣ? በልጅነታችን ጭራቅ ማለት አልተኛ ያለ ልጅ ማስፈራሪያ ነበር።

ልሳን፦
ወንድሜ፣ ያገኘኸው ወረቀት ቀላል አይደለም። ቋንቋ ነው የተማርኩት፣ ባጭሩ ልሞክር። (ባጭሩ አልሆነም፣ ይቅርታ።)

«ፈረስ» የሚለውን ቃል ማንም ይበለው ማን ፈረስ ፈረስ ነው። «እኔ»፣ «አሁን»፣ «እዚህ»፣ «ነገ» ግን እንደዚያ አይደሉም። አንተ «እኔ» ስትል አንተ ነህ፣ እኔ ስል እኔ ነኝ። ሱቁ ላይ «ዱቤ ነገ» ብሎ የለጠፈ ባለሱቅ ይሄን ከማንኛውም ፕሮፌሰር በላይ ያውቃል። ጽሑፉን ባነበብከው ቁጥር «ነገ» አንድ ቀን ይሸሻል፣ ዱቤውም መቼም አይደርስም።

ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ዴቪድ ካፕላን የሚባል ፈላስፋ እነዚህን ቃላት አጠና። ጽሑፉ ከ1977 ጀምሮ በእጅ በእጅ ሲዞር ቆይቶ በ1989 ታተመ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ካፕላን እንዲህ አለ፦ «እኔ» የሚለው ቃል ሕግ ተሸክሟል፣ ሕጉም «የሚናገረውን ሰው ያዝ» ነው። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ምንም ዓይነት ቃል ብትጨምር ይሄን ሕግ አታናውጠውም። በእንግሊዝኛ «ጆን እኔ ጀግና ነኝ ይላል» የሚለውን ቃል በቃል ብታስቀምጠው ጀግናው ጆን አይደለም፣ የምታወራው አንተ ነህ። «እኔ»ን ከተናጋሪው ነጥቆ ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ቃል ቢኖር ኖሮ እሱ ጭራቅ ነው አለ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የለም አለ።

ከዚያ ፊሊፕ ሽሌንከር የሚባል ፈረንሳዊ መጣ። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ1999 በሠራው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ በኋላም በ2003 ባሳተመው፣ ጭራቁ አለ፣ አማርኛ ውስጥ ተቀምጧል ብሎ ተከራከረ። ማስረጃው ያቺ ያየሃት መስመር ናት። «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» ስንል ጀግና ነኝ ባዩ ማን ነው? ጆን። ግሡ ላይ ያለው «ኝ» ግን የአንደኛ መደብ ነው፣ የ«እኔ» ነው። እኔ እያወራሁ «ኝ» ወደ ጆን ሄደ። አሁን ደግሞ «ጆን ጀግና እንደሆንኩ ተናገረ» በል። ጀግናው እኔ ሆንኩ። ሁለቱም አንደኛ መደብ፣ አንዱ ከድቶ ሄደ፣ ሌላው ቀረ።

አልሞኝም፦
ይሄ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ምሁራን ሥራ ሲፈቱ የሚያወሩት ነው የሚመስለው። ጆን ያለውን ቃል በቃል ደገምነው፣ አለቀ። «ጀግና ነኝ» የሚለውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፣ ጭራቁም ይጠፋል። በእንግሊዝኛም በጥቅስ ካስገባኸው «እኔ» ጆን ነው። እኛ ስንጻጻፍ ጥቅስ ማድረግ ስለምንሰንፍ ፈረንጅ ተአምር መሰለው።

የአዘዞዋ እናት፦
ኧረ ወንድሜ፣ አንተ ራስህ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። «አልዋጥልኝ አለ» ብለሃል እኮ! ማን ነው አልዋጥም ያለው? ነገሩ። ለማን ነው አልዋጥ ያለው? ለአንተ። ጥቅስ ነው ካልክ ነገሩ አፍ አውጥቶ «አልዋጥልህም» ነበር ማለት ያለበት። ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የአንተ ሆኖ አንድ ቃል ውስጥ ተጨፈለቀ።

እኔ ቋንቋ አልተማርኩም፣ ሁለት ልጅ ነው የማሳድገው። ግን በቀን ሃያ ጊዜ «ይሄ ልጅ አልሰማኝ አለ» እላለሁ። አሁን ሳስበው አልሰማም ባዩ ልጁ ነው፣ «ኝ» ደግሞ እኔ ነኝ፣ ምስኪኗ። ልጁ በአፉ «አልሰማኝ» አላለም፣ ቢል እንኳ «አልሰማሽም» ነበር የሚለው።

ልሳን፦
እህቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ማስተማር ነበረብሽ። «አልሰማኝ አለ» አንደኛ መደብ ባለቤት እና አንደኛ መደብ ተሳቢ አንድ ግሥ ላይ ሆነው ሁለት የተለያዩ ሰዎችን የሚይዙበት ነው።

አልሞኝም ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም፣ ባለሙያዎቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። በዚያ ላይ ሊከራከር ይችላል፦ «አል… አለ» የሚለው እምቢታ ማሳያ ሆኖ ደርቋል፣ በሩም አልከፈት ይላል፣ መኪናውም አልነሳ ይላል፣ የኮፒ ቤቱ ማሽንም ወረቀት አልስብ ብሏል፣ ማናቸውም አልተናገሩም። እውነት ነው። ስለዚህ ሌላ ፈተና እንውሰድ።

ኮፒ ቤቱ ረዳት አለው እንበል። ተማሪው ወረቀቱን ትቶ ከሄደ በኋላ ረዳቱን «መቼ እመጣለሁ አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይሄን ሁላችንም እንላለን፣ «ምን እፈልጋለሁ አለች?»፣ «የት ነው ያለሁት አለሽ?» እያልን እንውላለን። አሁን ጥቅስ ነው ብለህ ትምህርተ ጥቅስ አስገባበት። ተማሪው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ «መቼ እመጣለሁ?» ብሎ የጠየቀ ይሆናል፣ ራሱን የረሳ ሰው! እኛ ግን እንደዚያ ማለታችን አይደለም። ጠያቂው እኛ ነን፣ መጪው እሱ ነው። «መቼ» የእኛ ሆኖ «እመጣለሁ» የእሱ ከሆነ፣ አጥሩ የተዘጋ ጥቅስ ሊሆን አይችልም። ጥቅስ እኮ የታሸገ ዕቃ ነው፣ ከውጭ እጅ አስገብተህ አንዱን ቃል አታወጣም።

አልሞኝም፦
«መቼ እመጣለሁ አለ» የሚለው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ዛሬ ሁለቴ ብዬዋለሁ፣ አንዱን ለቧንቧ ሠራተኛ። (አልመጣም።)

ጡረተኛው ጸሐፊ፦
ልጆች፣ እናንተ በፍልስፍና የያዛችሁት እኛን በሥራ አሠቃይቶናል። ብዙ ዓመት ፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ምስክር ይቆምና ስለ ሦስተኛ ሰው ሲናገር «አልመጣም አለ» ይላል። በጆሮ ግልጽ ነው። «ጠ» ከላላ ራሱ ሰውዬው «እኔ አልመጣም» ብሏል። «ጠ» ከጠበቀ ግን ሌላ ሰው እንዳልመጣ ነው የተናገረው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይማ። መዝገቡ ከዓመት በኋላ ሲገለጥ ጠበቆች ይጣሉበታል።

በኋላ ዘዴ አበጀሁ። ምስክሩ «እከፍላለሁ አለ» ካለ «ማን ነው የሚከፍለው?» ብዬ ካስጠየቅኩ በኋላ «እሱ እንደሚከፍል ተናገረ» ብዬ እጽፋለሁ። «እንደ» ካለበት አያወላዳም። ያኔ ሰዋስው የማስተካክል መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጭራቅ ሳባርር ኖሬያለሁ።

የቅኔው ደቀ መዝሙር፦
ጋሼ እንዳሉት ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው በአንድ ፊደል መላላትና መጥበቅ ሰሙ ሄዶ ወርቁ ሲመጣ ስላየ ይሄ አይደንቀውም። እኔን የደነቀኝ ፈረንጆቹ ዘግይተው መድረሳቸው ነው። ፍልስፍና ከእኛ ነው የወጣው፣ ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታውን የጻፈው እዚሁ እንፍራንዝ አይደል? አማርኛ ተናጋሪ ከሌላው በተለየ ራሱን በሰው ቦታ አስቀምጦ ያስባል፣ ቋንቋው አስገድዶታልና።

ልሳን፦
ቀስ በል ወንድሜ። ሐተታውን ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ ነው የጻፈው ወይስ ሌላ ሰው የሚለው ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጥያቄውን ካነሳ ጀምሮ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ነው፣ ራሱን የቻለ ክር ይከፈትለት፣ እመጣለሁ።

ሁለተኛው አባባልህን ግን አልቀበልም። ጭራቁ የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርክ ውስጥ የሚነገረው ዛዛኪ አለው፣ ቻይና ውስጥ ያለው ዊግር አለው፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችም አሏቸው፣ ኔዝ ፐርስና ስሌቪ ለምሳሌ። እነዚህ ሁሉ ሕዝቦች ከእንግሊዙ የበለጠ ለሰው ያዝናሉ ልትለኝ ነው? ቋንቋ አንድን ነገር በአንድ ቃል እንድትል ሲፈቅድልህ፣ ሌላው ያንኑ በሦስት ቃል ይለዋል። «ነኝ ይላል» ስላልን ብቻ አእምሯችን የተለየ ነው ማለት ከሰዋስው ወደ ሥነ ልቦና ያለ ድልድይ መዝለል ነው። እኔም መጀመሪያ ዓመት እያለሁ እንዳንተ ነበርኩ፣ አስተማሪዬ አሳቀቀኝ።

ኮፒ ቤቱ፦
ኧረ ጉድ ነው፣ ማሽኔ ራሱ ምሳሌ ሆነ እኮ! እሺ፣ ጭራቁ ገባኝ። ያልገባኝ፣ አንዲት «እኔ» ለምን ይሄን ያህል ወረቀት ታስጨርሳለች? (ወረቀቱ ለእኔ እንጀራ ነው፣ ይብዛ።) ጥቅሟ ምንድን ነው ግን?

ልሳን፦
ጆን ፔሪ የሚባል ሌላ ፈላስፋ በ1979 ያሳተመው ታሪክ አለ። ሱፐርማርኬት ገብቶ ጋሪ ሲገፋ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ስኳር ያያል። ከረጢቱ የተቀደደበት ሰው ማን ይሆን፣ ልንገረው ብሎ የስኳሩን መስመር ይከተላል። በመደርደሪያው ይዞራል፣ ስኳሩ ይበዛል፣ ሰውዬው አይገኝም። በመጨረሻ ይባንናል። የተቀደደው ከረጢት የራሱ ጋሪ ላይ ነው።

አሁን ልብ በል። ሰውዬው ከመጀመሪያውም «ስኳር የሚያፈስ ሰው አለ» ብሎ ያምናል፣ ያ ሰው ደግሞ እሱ ነው። ስለ ራሱ ትክክለኛ እምነት ነበረው ማለት ነው። ግን አልቆመም። ጋሪውን ያቆመው «የማፈሰው እኔ ነኝ» ባለባት ቅጽበት ነው። ያችን «እኔ» በስም፣ በመልክ፣ በአድራሻ ብትተካት ሥራዋን አትሠራም። ሰው ስለ ራሱ ማወቅና ራሱ መሆኑን ማወቅ ሁለት ነገር ነው።

አማርኛ እዚህ ጋ ይገባል። ሱቅህ አንድ ሽማግሌ መጡ እንበል፣ አሮጌ ፎቶ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጧል፣ ጎፈሬ ያለው ጎረምሳ። እሳቸው መሆናቸውን ሳያውቁ «ይሄ ሰው ጀግና ነው» አሉ። አንተ ግን ፎቶው የእሳቸው እንደሆነ ታውቃለህ። ማታ ቤትህ ገብተህ «ሽማግሌው ጀግና ነኝ አሉ» ትላለህ?

ኮፒ ቤቱ፦
አልልም። ውሸት ይሆናል።

ልሳን፦
በቃ! ስለ ማን እንደተናገሩ ብናይ ስለ ራሳቸው ነው የተናገሩት። «ጀግና ነኝ አሉ» ግን አልሆንልን አለ፣ ምክንያቱም ያች የተሰደደች «ኝ» የምትይዘው ሰው ራሱን እንደ ራሱ አውቆ ሲናገር ብቻ ነው። ፈላስፎች በስንት ገጽ የሚለዩትን ልዩነት እኛ በአንድ «ኝ» እንለየዋለን። ሽሌንከርም ይሄን ነጥብ አንስቶታል።

የአዘዞዋ እናት፦
እኔም ስለ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚሁ ጋ ይሄዳል መሰለኝ። እህቴ ሳይኮሎጂ ተምራለች፣ ልጆች ሌላ ሰው የሚያስበውን መቼ ነው መረዳት የሚጀምሩት የሚል ፈተና አለ ብላ ነገረችኝ። ዊመር እና ፐርነር የሚባሉ ሰዎች በ1983 የጀመሩት ነው አለች። በኋላ ቀለል ያለ መጣ፣ የከረሜላ ዕቃ ውስጥ እርሳስ ከትተው ልጁን ያሳዩታል፣ ከዚያ ይዘጉና «ሌላ ልጅ ቢመጣ ምን አለ ብሎ ያስባል?» ይሉታል። ሦስት ዓመት አካባቢ ያሉት ብዙዎቹ «እርሳስ» ይላሉ፣ ራሳቸው ያዩትን። አራትና አምስት ሲደርሱ «ከረሜላ» ማለት ይጀምራሉ።

እኔ ደግሞ ምን ቸገረኝ፣ የሁላችንም ቤት ያ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አለ አይደል፣ ክርና መርፌ የሚቀመጥበት። ከፍቼ ለትንሹ አሳየሁት፣ ሦስት ዓመቱ ነው። ዘጋሁት። «ጎረቤት ያለው ጓደኛህ ሲመጣ እዚህ ውስጥ ምን አለ ይላል?» «ክር!» አለ፣ በኩራት። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሳቀችበት። «አይደለም፣ ብስኩት አገኛለሁ ብሎ ነዋ የሚከፍተው» አለች።

ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን እናንተን ሳነብ ደነገጥኩ። «ብስኩት አገኛለሁ ብሎ» አለች። የምታወራው እሷ፣ አገኛለሁ ባዩ የጎረቤት ልጅ። ልጁ ደግሞ አልተናገረም፣ ገና ሊያስብ ነው።

ልሳን፦
ይሄን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። አልሞኝም፣ ጥቅስ ለሚለው ነገር የመጨረሻው ሚስማር ይሄ ነው፣ ያልተነገረ ነገር ምኑ ይጠቀሳል? አማርኛ ሐሳብን «ብሎ» በሚለው ያወራል። «ምን ብለህ ነው የመጣኸው?» ስንል ምን አስበህ ማለታችን ነው። ሆኖም ትንሹ ልጅ «አገኛለሁ ብሎ» የሚለውን በሌላ ወሬ ላይ ይጠቀምበት ይሆናል፣ ከፈተናው ጋ ቀጥታ አናያይዘው፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

የአዘዞዋ እናት፦
እሱስ ልክ ነው። ትንሹ ትናንት ማታ ራሱ «ድመቷ አልበላም አለች» ብሎኛል። ለካ ሥጋውን የበላው እሱ ነው።

አልሞኝም፦
ጠበቃ ይሆናል ያ ልጅ።

ጡረተኛው ጸሐፊ፦
በእኔ ጊዜ ቢመጣ «ድመቷ እንደማትበላ ተናገረች» ብዬ እጽፍለት ነበር፣ አያመልጥም።

ኮፒ ቤቱ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጭራቁን ለተማሪው ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልሆነም። ለምሳ አራዳ ወጣ ብዬ ስመለስ ረዳቴ «ጋሼ፣ ያ ልጅ መጥቶ ነበር፣ ከፍያለሁ ብሎ የተባዛውን ይዞ ሄደ» አለችኝ።

«ለማን ከፈልኩ አለ?» አልኳት። አፌ ላይ እንዳለ ቆምኩ፣ ራሴን ሰማሁት።

«ለአንተ» አለች። ደብተሬን ገለበጥኩ፣ የለም። ይሁን፣ ዋናው ጽሑፍ ሁለተኛው ግማሽ ገና እኔ ጋ ነው፣ ማሽኑም አሁን ወረቀት መሳብ ጀምሯል።